የደበዘዘው ላፕቶፕና ሦስቱ ሽማግሌዎች

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ዓይኔ የደከመ መሰለኝ።

ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ ላፕቶፔን ስከፍተው ስክሪኑ ላይ ጭጋግ ወርዶበታል። ፊደሎቹ አሉ፤ ግን ከሩቅ ነው ያሉት። አንገቴን አስጠጋሁ፣ አራቅሁ፣ ዓይኔን አሸሁ፣ ፊቴን ታጠብኩ፤ ወይ ፍንክች። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። "በቃ፣ ዕድሜ ነው" አልኩና ከሱቄ ፊት ለፊት የእግረኛ መንገድ ላይ መነጽር ዘርግቶ የሚሸጠው ሰውዬ ዘንድ ሄድኩ። ሰውዬው ዓይኔን የመረመረልኝ "ይሄ ያምርብሃል ማይ ብራዘር" በማለት ነው። አደረግኩት። ስክሪኑ እንደ ደበዘዘ ቀረ፤ ሱቁ ግን በሙሉ አበጠ። አንዲት ደንበኛዬ ብርድ ልብስ አውርድልኝ ስትለኝ ወንበር ላይ ወጥቼ፣ መደርደሪያው የቀረበኝ መስሎኝ እጄን ብዘረጋ አየር ጨብጬ ከነወንበሬ ወደቅኩ።

እኔ እንዲህ ነኝ። አንድ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የምጠረጥረው ራሴን ነው። ራሴን በነጻ ካሰናበትኩ በኋላ ደግሞ አምፖሉን ጠረጠርኩ። ያው የወደቅኩበት ወንበር ላይ ወጥቼ የሱቁን አምፖል ቀየርኩ። ሱቁ ቦግ አለ። ላፕቶፑ ግን በዚያ ሁሉ ብርሃን መሀል ውሃ እንደተደፋበት ከሰል ጠቁሮ ቁጭ አለ። ያን ጊዜ ነው ጥፋቱ የእሱ መሆኑ የገባኝ። ቅዳሜ ሽማግሌ ልልክበት ነበር።

"በላፕቶፕ ሽማግሌ ይላካል ወይ?" የምትሉ ትኖራላችሁ። እኛ እንልካለን። ጆሃንስበርግ ከገባሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ጀፕስታውን በሚባል ሰፈር ብርድ ልብስ እሸጣለሁ፤ ቤሪያ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። ወረቀቴ እዚህ እንድኖር ይፈቅድልኛል እንጂ ወጥቼ እንድመለስ አይፈቅድልኝም። አስቴር ደግሞ አገር ቤት ዱራሜ ነው ያለችው፤ አስተማሪ ናት። ከልጅነታችን ጀምሮ እንተዋወቃለን፤ ላለፉት ሦስት ዓመታት ደግሞ በየቀኑ በስልክ እናወራለን። እሷ እሺ ካለች ቆየች። የቀሩት አባቷ አቶ ኤርሲዶ ናቸው።

አቶ ኤርሲዶ አናጢ ነበሩ። እንደ ሌላው አናጢ ግን አልነበሩም፤ የተጣመመ ጣውላ ከመንገድ ማዶ ሆነው ያዩ ነበር። ልጅ ሳለን በሰፈሩ የሚሠራ ቤት ካለ ባለቤቱ እሳቸው በዚያ እስኪያልፉ ይጠብቃል። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ማዕዘኑን ያዩና "ጠሟል" ካሉ ግድግዳው ይፈርሳል፤ ዝም ብለው ካለፉ ድግስ ነው። እኔንም አሥር ዓመት ሲሆነኝ በደጃቸው ሳልፍ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አይተውኝ፣ "ይሄ ልጅ ሲሄድ ወደ ግራ ያዘነብላል" ብለው ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ ቀድሞ የሚያልቀው የግራ ጫማዬ ነው።

እሳቸው ዘንድ ከወር በፊት በስልክ ሽማግሌ ልኬ ነበር። ሦስቱ ሽማግሌዎቼ አንዲት ስልክ እየተቀባበሉ፣ አንዱ ጆሮውን፣ አንዱ አገጩን፣ አንዱ የቤቱን ጣሪያ እያሳየ ንግግር ሲያደርጉ አቶ ኤርሲዶ ጥቂት አዳመጡና "ማንንም አላየሁም። ለማላየው ሰው ልጄን አልሰጥም" ብለው ተነሡ። ጥፋቱን ሁላችንም ስልኳ ላይ ጣልን። አስቴር ለምና ለምና አንድ ዕድል አስገኘችልን፤ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሽማግሌዎቹ ሁሉ አንድ ላይ ተቀምጠው፣ ፊታቸው ቁልጭ ብሎ እየታየ፣ በኮምፒውተር። እሷም ከትምህርት ቤቷ ተውሳ ታመጣለች።

"ይሄም ካልተሳካ ነገሩ ይቁም ብሏል አባዬ" አለችኝ። "ሌላም ጠያቂ አለ። የሆሳዕና ሰው ነው። በእግሩ ነው የሚመጣው።"

በእግሩ! አስቡት እንግዲህ። ተቀናቃኜ እግር አለው፤ እኔ ያለኝ የደበዘዘ ላፕቶፕ ነው።

በዚያው ሰሞን አስቴር ሌላም ነገር ነግራኝ ነበር። አባቷ ነጭናጫ ሆነዋል፣ ከቤት መውጣት ትተዋል፣ የሳሎኑ አምፖል ደክሟል እያሉ በየሳምንቱ ያስቀይራሉ። "ከአምፖል ነጋዴ ጋር ተዋውለዋል እንዴ?" ብዬ ስቄ አለፍኩት። ሰው በራሱ ጭንቀት ሲያዝ ጆሮው ለሌላ ነገር ቦታ የለውም።

ረቡዕ ጠዋት ሽማግሌዎቼ ሱቄ ድረስ መጥተው ሕመምተኛውን ጎበኙ። ዋናው ጋሽ ጡሚሶ ናቸው። አገር ቤት ሃያ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረዋል፤ አሁን ከሱቄ ጎን ቀበቶና ኮፍያ ይሸጣሉ፤ ለአንድ ደንበኛ ዋጋ ሲነግሩም "ገባችሁ?" ይላሉ። ላፕቶፑን አገላብጠው አዩትና "ቫይረስ ነው" አሉ። ሁለተኛው ሀጂ ሙዘይን ናቸው፤ የስልጤ ሰው፣ ብርድ ልብስ በጅምላ የሚያከፋፍሉን ነጋዴ። እሳቸው ደግሞ "ደክሞት ነው" አሉ። "ሱቅ ሲውል ሰው አይደክመውም? ሁለት ቀን አሳርፈው።"

ሦስተኛው ፓስተራችን ናቸው። እሳቸው ብዙ አላወሩም። እጃቸውን ስክሪኑ ጫፍ ላይ ጫኑና ዓይናቸውን ጨፍነው መጸለይ ጀመሩ። እኔ ዓይኔን አልጨፈንኩም፤ እውነቱን ልናገር። ስክሪኑ ቦግ አለ! ጋሽ ጡሚሶ ኮፍያቸውን አወለቁ። ሀጂ ሙዘይን "ሱብሃነላህ" አሉ። ፓስተሩ አሜን ብለው እጃቸውን ሲያነሱ ጠፋ። መልሰው ሲጭኑ በራ። ሲያነሱ ጠፋ። አራታችንም አፋችንን ከፍተን ቀረን። "ቅዳሜ እጅዎን ሳያነሱ ሁለት ሰዓት መቆየት ይችሉ ይሆን?" ብዬ ልጠይቃቸው ስዘጋጅ፣ በአምስተኛው ላይ እጅ ተጫነም አልተጫነ አልበራም አለ። ፓስተሩ ራሳቸው "ወደ ባለሙያ ውሰደው" አሉኝ። እንዲህ ያለ ቅን ሰው ናቸው።

ሌላ ላፕቶፕ መዋስስ? ብዬ ነበር። የቤተክርስቲያናችን ላፕቶፕ ከመዘምራን ጋር ደርባን ሄዷል። ሌላው ወገን ሁሉ ያለው ስልክ ነው። ኢንተርኔት ካፌ እንሂድ ብል ጋሽ ጡሚሶ ቀበቶ የሚሸጡ መሆናቸውን አሳሰቡኝ፤ ለመግረፊያ ሩቅ አይሄዱም።

"ሽማግሌ ካፌ ገብቶ፣ ከጎኑ ጎረምሶች በኮምፒውተር ኳስ እየተጫወቱ፣ 'ልጃችሁን ለልጃችን' ይላል? ገባችሁ?" አሉኝ። ገባን አልኩ፤ ብቻዬን ነበርኩ።

ሐሙስ ላፕቶፑን ይዤ ወደ ሂልብሮው ሰፈር ተነሣሁ። ማማ ኖምሳ የሚባሉ ኮምፒውተር ጠጋኝ ሴት አሉ፣ የሞተ ያስነሳሉ ተብያለሁ። ችግሩ መንገዱ ነው። በዚያ መንገድ ላፕቶፕ በግልጽ ይዞ የሚሄድ ሰው ላፕቶፑን የጠላ ሰው ነው። ስለዚህ ከሱቄ አንዲት ለስላሳ፣ ጥንቸል የታተመባት የሕፃን ብርድ ልብስ አወጣሁና ጠቅልዬ ደረቴ ላይ አቅፌው ታክሲ ገባሁ።

ከጎኔ አንዲት ጎጎ ተቀምጠዋል፤ እዚህ አገር አያቶችን የሚጠሩት እንዲያ ነው። ጥቅሉን አዩና ፊታቸው በራ።

"ወንድ ነው ሴት?" አሉኝ።

አሁን እዚህ ላይ እውነቱን ብናገር ታክሲው ውስጥ ያለው አሥራ አምስት ሰው ላፕቶፕ እንዳለኝ ያውቃል። "ወንድ ነው" አልኩ።

"ፊቱን ልየው።"

"አሞታል" አልኩ። ይሄ እንኳ ውሸት አልነበረም።

"ኢሽ! ስንት ጊዜው ነው?"

"ሦስት ዓመቱ" አለ አፌ፣ እኔን ሳያማክር።

ጎጎ ጥቅሉን ከላይ እስከ ታች አዩት። "ሦስት ዓመቱ ሆኖ ይቺን ያክላል?" ብለው ጮኹ። ታክሲው በሙሉ ዞረ። ሹፌሩ ሙዚቃውን ቀነሰ። አንዷ ብርቱካን ሰጠችኝ። ጎጎ እጃቸውን ጥንቸሏ ላይ አድርገው በዙሉ ጸለዩለት፤ በሳምንት ሁለተኛው ጸሎቱ መሆኑ ነው። ሹፌሩ የኔን መውረጃ አልፎ አንድ ክሊኒክ በር ድረስ አደረሰኝና ተሳፋሪዎቹ ሁሉ በመስኮት እያዩ "ግባ፣ ግባ" አሉኝ። ምን ላድርግ? ገባሁ። ታክሲው እስኪሄድ ከእናቶች ጋር ወረፋ ይዤ ተቀመጥኩ። ሰዎቹ ስለ እኔ ልጅ የተጨነቁትን ሳስብ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል፤ ይገርመኛልም። ስማቸውን የማላውቃቸው አሥራ አምስት ሰዎች ለአንድ የደበዘዘ ስክሪን መንገድ ቀየሩ።

ማማ ኖምሳ የሚሠሩት ሹሩባ ከሚሠራበት ሳሎን ጀርባ፣ በአንድ መጋረጃ በተከፈለ ቦታ ነው። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ግንባራቸው ላይ መብራት የሚያስሩ፣ ትልልቅ ጣቶች ያሏቸው ሴት ናቸው። "ሳውቦና ማማ" ብዬ በዙሉ ሰላም አልኩና ጥቅሉን ሰጠኋቸው። ጥንቸሏን ገልጠው ሲያዩ ምንም አልገረማቸውም፤ ምን የማይመጣላቸው አለ።

መጀመሪያ በጥፍራቸው የስክሪኑን ጥግ ቆንጠጥ አደረጉና ጫርርር አድርገው አንድ ነገር ገሸለጡ።

"ምን አደረጉት!" ብዬ ጮህኩ።

ፋብሪካ የለጠፈበት ፕላስቲክ ነበር። እኛ ፕላስቲክ አንገሸልጥም። የሶፋ ፕላስቲክ፣ የሪሞት ፕላስቲክ፣ የመኪና ወንበር ፕላስቲክ፤ ዕቃው አርጅቶ ሲጣል ከነፕላስቲኩ ነው የሚጣለው። ማማ ኖምሳ ሦስት ዓመት አቧራ የጠጣውን ፕላስቲክ ሰጡኝና እኔም አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ያም ሆኖ ስክሪኑ አልበራም።

"መብራቱን አጥፉልኝ" አሉ ወደ ሳሎኑ። መብራቱ ጠፋ። ግንባራቸው ላይ ያለውን መብራት ፈትተው ያዙና ከጎን፣ አጋደል አድርገው ጥቁሩ ስክሪን ላይ አበሩበት። "ና፣ እዚህ ቁም። እየው።"

አየሁ። አስቴር ነበረች። ስክሪኑ ላይ የማደርገው ፎቶዋ፣ ድብዝዝ ብሎ፣ ከጥቁሩ ሥር። የነጠላዋ ጥለት፣ የፊት ጥርሷ መሀል ያለችው ክፍተት፣ ሁሉም እዚያው አለ። ሁለት ቀን ሙሉ ጠፋች ብዬ ሳዝን እሷ ጨለማ ውስጥ ተቀምጣ ፈገግ ብላ ትጠብቀኝ ነበር። እውነት እላችኋለሁ፣ ሰውነቴን ወረረኝ። ሹሩባ የምትሠራዋ ልጅ እንኳ ማበጠሪያዋን ይዛ መጥታ በትከሻዬ ላይ አየች።

"ስዕሉ ደህና ነው" አሉ ማማ ኖምሳ። "የጠፋው ከኋላው የሚያበራለት ነው።"

ከዚያ ስክሪኑን ፈቱት። አንድ ስስ ሽፋን አነሱ፣ ሥሩ ሌላ፣ ሥሩ ሌላ፤ ነጭ፣ ብርማ፣ ውሃ የመሰለ። እየደረደሩ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። በመጨረሻ ከታች ጠርዙ ላይ ከክብሪት እንጨት የቀጠነች አንዲት መስመር አሳዩኝ፤ በላይዋ የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ ነጠብጣቦች ተደርድረዋል። ያ ሁሉ ብርሃን የሚወጣው ከእሷ ነው። ሽፋኖቹ ተቀባብለው ነው ስክሪኑን በሙሉ የሚያለብሱት።

"ይቺ ናት?" አልኩ። "ሦስት ዓመት ሙሉ ይቺ ናት?"

"ይቺ ናት። ተቃጥላለች። የት ነው የምታስቀምጠው?"

አንዳንድ ጥያቄ ሲጠየቅ መልሱ ራሱ ይስቅብሃል። እኔ ላፕቶፑን ሌባ እንዳያየው ሱቅ ውስጥ የማስቀምጠው ብርድ ልብስ ክምር ሥር ነው። ሳላጠፋው። መዝሙር እየተጫወተ። ድምፁ ከክምሩ ውስጥ ታፍኖ ሲወጣ ደንበኞቼ ብርድ ልብሱ ይዘምራል ይሉኝ ነበር።

"ስንት ብርድ ልብስ?" አሉ ማማ ኖምሳ።

"በበጋ ስድስት። በብርድ ጊዜ... አሥራ አምስት።"

ማማ ኖምሳ ሳቁ። ግንባራቸው ላይ መልሰው ያሰሩት መብራት ጣሪያው ላይ ሲጨፍር ታየኝ። "አበሰልከው!" አሉ። "እንደ ድንች አበሰልከው!" ሳሎኑ በሙሉ ሳቀ።

አዲስ መለዋወጫው የሚደርሰው በሚቀጥለው ረቡዕ ነው ሲሉኝ ግን የኔ ሳቅ ቆመ። ቅዳሜ ምን እንዳለብኝ ነገርኳቸው። ገና "ሽማግሌ" የሚለውን ሳብራራላቸው አቋረጡኝ።

"ሎቦላ!" አሉ። እዚህም ያው ነው፤ የልጁ ዘመዶች ሄደው የልጅቷን ዘመዶች ይለምናሉ። "የኔ ጊዜ አጎቶቹ ሲነጋገሩ ባሌ መኪና ውስጥ ተደብቆ ነበር። ልጁ አይታይም አይደል?"

"አይታይም" አልኩ። እኛም ጋር ልጁ በቦታው አይገኝም።

ከዚያ በኋላ ሰዓታቸውን አላዩም። ሽፋኖቹን አንድ በአንድ እፍ እያሉ መለሱ፤ አንዲት ፀጉር እንኳ እንዳትገባ ሹሩባ ሠሪዋን አስቆሙ። ሲጨርሱ አንድ ገመድ ሰጡኝ። "ይሄን ቴሌቪዥንህ ላይ ሰካው። ስዕሉ እዚያ ይወጣል። ቴሌቪዥኑ እንቢ ካለ ደግሞ..." ብለው ግንባራቸው ላይ ያለውን መብራት መታ መታ አደረጉ።

ዓርብ ማታ የክፍሌ ቴሌቪዥን ላይ ስሰካው አስቴር ግድግዳ አክላ ወጣች። ተነሥቼ ቆምኩላት።

ቅዳሜ ጠዋት ሊፍቱ እንደ ልማዱ ስለተበላሸ ሽማግሌዎቼ ዘጠኝ ፎቅ በእግራቸው ወጡ። ጋሽ ጡሚሶ በየፎቁ ቆመው ስንት ሜትር ከፍታ ላይ እንደደረሱ እያስረዱ ነበር። ሀጂ ሙዘይን ሰባተኛው ላይ "ይቺ ልጅ ከዚህ ሁሉ በኋላ ባትሰጠን እዚሁ ነው የምኖረው" አሉ። ቴሌቪዥኑ ላይ ፀሐይ እንዳያንጸባርቅ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍኜዋለሁ። ጥግ ላይ ደግሞ በገመድ ሌላ ብርድ ልብስ ሰቅያለሁ፤ ከኋላው እኔ ነኝ። ሦስቱን ከላፕቶፑ ፊት ለፊት በሥርዓት ደረደርኳቸውና መደበቂያዬ ገባሁ፤ በብርድ ልብሱ ጠርዝ አጮልቄ አያለሁ። ኢንተርኔቱ ከስልኬ ነው።

ልክ አራት ሰዓት ላይ ላፕቶፑ ጠራ። ተነሣ። አቶ ኤርሲዶ ቴሌቪዥኑን ሞልተው ብቅ አሉ፤ ከኋላቸው በሩ አጠገብ የአስቴር ነጠላ ጫፍ ይታያል። ጋሽ ጡሚሶ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "የተከበሩ አቶ ኤርሲዶ፣ እኛ ዛሬ..." ሲሉ መብራት ጠፋ።

ሕንፃው በሙሉ ነው የጠፋው። ቴሌቪዥኑ ሞተ። መስኮቱን የሸፈነው ብርድ ልብስ ደግሞ ጥሩ ብርድ ልብስ ነው፤ የኔ ዕቃ ነው፤ ጨረር አያሳልፍም። ክፍሉ ድቅድቅ አለ። ላፕቶፑ ግን በባትሪው እየሠራ ነው፤ ከጨለማው ውስጥ የአቶ ኤርሲዶ ድምፅ መጣ።

"አላችሁ? ማንንም አላይም።"

ያችው ቃል! የሆሳዕናው ሰውዬ እግር ኮቴ ጆሮዬ ላይ ተሰማኝ።

"ስልካችሁን!" አልኩ ከብርድ ልብሱ ጀርባ፣ በሹክሹክታ። "መብራቱን አብሩ! ስክሪኑ ላይ፣ ከጎን!"

ሦስቱም ኪሳቸውን ዳበሱ። ሀጂ ሙዘይን ቀድመው አበሩ፣ ከዚያ ፓስተሩ፣ ከዚያ ጋሽ ጡሚሶ፤ እሳቸው መጀመሪያ በስህተት የስልካቸውን የማንቂያ ሰዓት ሞልተው ነበር። ሦስቱ የተከበሩ ሰዎች ወገባቸውን ሰበር አድርገው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው፣ ጥቁሩ ስክሪን ላይ አበሩ። የአቶ ኤርሲዶ ፊት ከጥቁሩ ሥር ቀስ ብሎ ወጣ።

ከዚያ ድምፃቸው ተለውጦ መጣ።

"አየኋችሁ" አሉ። "ሦስት ናችሁ። አይደል? ሦስት።"

"ሦስት ነን" አሉ ጋሽ ጡሚሶ።

"አየኋችሁ!" አሉ እንደገና፤ ደስታቸው እኔ የተደበቅኩበት ድረስ ተሰማኝ። "በሉ፣ ተናገሩ። አሁን እሰማለሁ።"

ንግግሩ እንዴት እንደሄደ ሁሉን አልነግራችሁም። ጋሽ ጡሚሶ ከቤተሰቤ ጀመሩ፣ በወንዞቹ አልፈው ወደ ፀባዬ መጡ። ፓስተሩ መሰከሩልኝ። ሀጂ ሙዘይን "ባለፈው ዓመት ስታመም ሁለት ወር ሱቄን የከፈተውና የዘጋው እሱ ነው፣ የራሱን ከዘጋ በኋላ" አሉ። እኔ እሱን ነገር ረስቼው ነበር። ብርድ ልብሱ ጀርባ ሆኜ ዓይኔን ጠረግኩ። ከሁሉ የገረመኝ ግን ክንዳቸው ነው። ጋሽ ጡሚሶ ትከሻቸውን ያማቸዋል፤ ኮፍያ እንኳ ከላይኛው መደርደሪያ አያወርዱም፤ እኔ ነኝ የማወርድላቸው። ያን ዕለት ግን ግማሽ ሰዓት ሙሉ ያችን ስልክ አላወረዷትም። አንደኛው እጃቸው ሲዝል በሌላኛው ደገፉት።

አቶ ኤርሲዶ "እንግዲህ..." ብለው ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ መብራት መጣ።

ክፍሉ ቦግ አለ። ቴሌቪዥኑ ተነሣ። አቶ ኤርሲዶ ግድግዳ አክለው፣ ቁልጭ ብለው ታዩ። ሽማግሌዎቹ እፎይ ብለው ስልካቸውን አጠፉ፣ ክንዳቸውን አወረዱ፣ ጃኬታቸውን አስተካከሉ። አሁን ነው ሽምግልናው ያማረው። ሦስቱም በሙሉ ብርሃን፣ ፈገግ ብለው ተቀመጡ።

"የት ሄዳችሁ?" አሉ አቶ ኤርሲዶ።

ጋሽ ጡሚሶ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ።

"የት ሄዳችሁ? አሁን እኮ ነበራችሁ። ሦስት ነበራችሁ።" እጃቸውን ወደ ስክሪኑ ዘረጉ፤ ወደኛ ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን። ያን ጊዜ ነው በትልቁ ቴሌቪዥን ዓይናቸውን ያየሁት። ብሌኑ ላይ ነጭ ነገር ወጥቶበታል፤ ጭስ የገባበት ብርጭቆ ይመስላል። የሳሎኑ አምፖል፣ የስልኳ ሽምግልና፣ ከቤት አለመውጣታቸው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። እኔ ስክሪኑ ሲደበዝዝ ዓይኔን ጠርጥሬ መነጽር ገዛሁ፤ እሳቸው ዓይናቸው ሲደበዝዝ አምፖሉን ጠርጥረው አስቀየሩ። የተጣመመ ጣውላ ከመንገድ ማዶ ያየ ሰው፣ አላይም ብሎ ለማን ይናገራል?

መጀመሪያ የገባቸው ሀጂ ሙዘይን ናቸው። ስልካቸውን መልሰው አበሩና ከፍ አደረጉት፤ አሁን ወደ ስክሪኑ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ካሜራው።

"እዚህ ነን፣ ወንድሜ" አሉ። "የትም አልሄድንም።"

ፓስተሩም አበሩ። ጋሽ ጡሚሶም ያንኑ የሚያማቸውን ክንድ አነሱ። አስቴር ከበሩ ጀርባ ወጥታ መጣችና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አባቷ እግር ሥር ተንበረከከች። እሷም አሁን ነው ያወቀችው።

"ከዓመት በላይ ነው" አሉ አቶ ኤርሲዶ፣ እጃቸውን ራሷ ላይ እያደረጉ። "ጭጋግ ነው። መብራት ብቻ ነው የማየው።"

"ሞራ ነው" አሉ ጋሽ ጡሚሶ። "ይገፈፋል። መጀመሪያ ሐዋሳ ሐኪም ጋ እናስወስድዎታለን፤ ሠርጉ ከዚያ በኋላ ነው። ዓይን ሳይኖርዎት ልጅዎን አናስድርም። ገባችሁ?"

አቶ ኤርሲዶ ሳቁ። "ልጁስ?" አሉ። "እዚያ ነው?"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሥርዓቱ አይፈቅድም። ጋሽ ጡሚሶ ወደ ብርድ ልብሱ ዞር ብለው "ውጣ" አሉኝ።

ወጣሁ። ስልኬን አበራሁና ከሦስቱ ጎን ቆሜ ክንዴን አነሣሁ። አቶ ኤርሲዶ ወደ ስክሪናቸው ጠጋ አሉና በጣታቸው አንድ በአንድ እየነኩ ቆጠሩ።

"አንድ። ሁለት። ሦስት..." ቆም አሉ።

አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"አራተኛው ወደ ግራ ያዘነብላል" አሉ። "ቀጥ በል፣ ልጄ።"

ቀጥ አልኩ።